ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለተገመገመው የጭፈራ አልበም

ለክቡር ኡስታዝ ሐዚም አል-ቢልቤይሲ
በኢምባባ የዘይቱና ሰፈር ባህል ቤት
የአድማጭ ጣዕም ጠባቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካይሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ ብዬ በወጉ ልጠይቅዎ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከተከበሩት እናትዎ በረንዳ ሥር ቆመው፣ ከሦስተኛው ፎቅ በገመድ የሚወርድልዎትን ቅርጫት በሁለት እጅዎ ሲቀበሉ ሰፈሩ በሙሉ ስለሚያይዎ፣ ደህንነትዎንም የምግብ ፍላጎትዎንም ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ፈጣሪ ሁለቱንም ያቆይልዎ። የትናንቱ በሩዝ የተሞላ ጥቅል ጎመን ሽታው እኔ ደጃፍ ድረስ ስለመጣ፣ ለእሱም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እኔ ፈትሂ አብዱልመውላ፣ በሰፈሩ አጠራር ዐም (አጎት) ፈትሂ፣ በዚህ አካባቢ ሠርግ ላይ አኮርዲዮን ስጫወት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር የሚሉት ነገር መጥቶ ሠርጉን ሁሉ ከጠቀለለው ወዲህ አኮርዲዮኔ ቁም ሳጥን ላይ፣ እኔ ደግሞ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጠናል። ኮሚቴዎ በወጣት ራሻ የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ አልበም ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ከጠራቸው አድማጮች አንዱ ያደረገኝም፣ «ይሄ ሽማግሌ እንጀራውን የነጠቀውን ነገር አይምርም» ብሎ መሆኑ ይገባኛል። ስላሰባችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ራሻን ለማያውቃት አንባቢ ልንገር። ቀን ቀን ስልክ ትጠግናለች፤ ሲመሽ እዚያው ሱቋ ውስጥ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ዘፈን ትሠራለች፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ስፒከሮቿን እንደ ግንብ ደርድራ መንገድ ላይ በሚደገስ ሠርግ ላይ ትጫወታለች። ባለፈው ሳምንት የኮሚቴዎ ዘገባ ባህል ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ፣ «አድማጮች በአንድ ድምፅ ስለተቃወሙት» አልበሙ ታርሞ እስኪቀርብ ድረስ በሰፈራችን እንዳትጫወት መታገዷን አነበብን። የፊታችን ሐሙስ ብቸኛ እህቷ ሐናእ እዚሁ ቅያሳችን ውስጥ ትዳራለች። ራሻ ዘገባውን አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ፣ «እህቴ ስትዳር እኔ እንደ ሩቅ ዘመድ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ላጨብጭብ?» አለችኝ። መልሱ እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ቅሬታዬን በትህትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አደማመጡ። ኮሚቴዎ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መስኮት ዘግቶ፣ እኛን እንደ ፈተና ተቀማጭ ደርድሮ፣ የጸሐፊውን ስልክ ድምፁ እንዲጎላ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ አልበሙን ስላሰማን እጅግ እናመሰግናለን። ቅያሱን ዳር እስከ ዳር የሚያንቀጠቅጥ ከበሮ በብርጭቆ ሲወጣ ዝንብ ታሞ እንደሚያቃስት ሆኖ እንደሚሰማ ከዚያን ቀን በፊት አላውቅም ነበር። ጡረተኛዋ መምህርት ወይዘሮ ተሒያ ሳያስቡት እግራቸውን ማወዛወዝ ሲጀምሩ፣ ጸሐፊዎ በታላቅ ጨዋነት «እሜቴ፣ እባክዎ እግርዎን ይያዙልን፤ እዚህ የመጣነው ለሥራ ነው» አላቸው። ሴትየዋም «ልጄ፣ እኔ መቼ አዘዝኩት?» ብለው መለሱ። ይህ በዕለቱ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ የበሰለው ሆኖ ሳለ ዘገባው ውስጥ አለመግባቱ አሳዝኖኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥርሴ። ዘገባዎ «አንጋፋው ሙዚቀኛ፣ ከበሮው ሰው ሠራሽ ጥርሴን አነቃንቆታል ሲሉ ምሬታቸውን ገልጸዋል» ይላል። አንጋፋ ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። መነቃነቁንም አልክድም። እኔ ግን ያልኩት፣ «ሐናእ ቀለበት ያሰረች ዕለት መንገድ ላይ ስሰማው ከበሮው ጥርሴን አነቃነቀው፤ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ስንደርስ ጥርሴን አውልቄ ኪሴ ከተትኩና ጨፈርኩ» ነበር። ኮሚቴዎ ጥርሴን ወስዶ ጭፈራዬን የት እንዳደረሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ስለ ሦስተኛው ዘፈን ከተነሳ አይቀር ሁሉንም ልናገር። እዚያ ውስጥ አኮርዲዮን አለ፤ የእኔ ነው። ራሻ አንድ ቀን ቤቴ መጥታ፣ «ዐም ፈትሂ፣ ያችን የድሮዋን የሙሽራ መግቢያ ዜማ አንዴ ይጫወቱልኝ» ብላ ከቁም ሳጥኑ ላይ አስወረደችኝና በስልኳ ቀዳችው። ከዚያ ቆራረጠችው፣ አፈጠነችው፣ ከከበሮው ጋር አጋጨችው። መጀመሪያ ስሰማው የማን እንደሆነ ጠፋኝ፤ ኋላ ግን የገዛ ልጄን በሰው ልብስ እንዳየሁት ሆኜ አወቅኩት። ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም፤ ይህንንም ቢጽፉት አልቃወምም። «ለራሱ አዳልቶ ነው» ካሉኝ እውነት ብለዋል፤ ብቻ እኔን ሲመርጡ ወደ እናንተ ያዳላል ብለው አስበው እንደነበር አይዘንጉት።

ሦስተኛ፣ የባለመድኃኒት ቤቱ የዶክተር ሪፍቂ ቃል «አልበሙ በጤና ላይ ጉዳት ያደርሳል» ተብሎ ሰፍሯል። ዶክተሩ ያሉት ግን «ራሻ በተጫወተች ማግስት እግሩ ያላበጠ ደንበኛ አልመጣልኝም፤ ሁሉም እየሳቀ ነው ቅባት የሚገዛው» ነው። የባጃጅ ሹፌሩ ዘግሉልም «ትራንስፖርት ያስተጓጉላል» እንዳለ ተጽፏል። ዘግሉል ያለውን እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፦ «ስምንተኛውን ዘፈን ስከፍት ተሳፋሪው ቤቱ ደርሶ አልወርድም ይለኛል! ‘ወንድሜ፣ ውረድ እንጂ!’ ስለው፣ ‘ዘፈኑ ይለቅና እወርዳለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ዙር’ ይለኛል።» እርግጥ ነው ተስተጓጉሏል። በዚህ ዓይነት ኮሚቴዎ የልደት ምኞት ቢቀበል የሐዘን መግለጫ አድርጎ እንደሚለጥፈው አልጠራጠርም።

አራተኛው ቅሬታዬ ከሁሉ ያስቆጨኛል። እኔ በእርግጥ የተቃወምኩት ነገር ነበር፤ እሱን አልጻፉትም! አምስተኛው ዘፈን ላይ ራሻ የዘፋኙን ድምፅ አቅጥና አቅጥና ቱቦ ውስጥ የተወተፈች ድመት አስመስላዋለች። በስብሰባው ላይ ይህን ስናገር ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር። ለራሷ ነገርኳት፤ «ይሄ ዘፋኝ ነው ድመት?» ብላት፣ «እርስዎ ደግሞ ዐም ፈትሂ! እንዲህ የምትዘፍን ድመት ካገኙ አምጡልኝ፣ እቀጥራታለሁ» ብላ ሳቀችብኝ። በማግስቱ ግን አስተካክላው አሰማችኝ፤ አሁን ሰው ሆኗል። ስለዚህ «ታርሞ ይቅረብ» ያሉት አልበም ታርሟል፤ ያረመውም አንድ ሽማግሌና አንዲት አኩራፊ ያልሆነች ልጅ ናቸው፤ አበልም አልጠየቅን።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ኮሚቴዎ አስተያየት የሚሰበሰብበትን ቦታ መሳሳቱ ነው። እርስዎ የዚህ ቅያስ ልጅ ስለሆኑ ሊዘነጉት የማይገባው ነገር፣ እዚህ የአድማጭ አስተያየት ከላይ በገመድ እንደሚወርድ ነው። በረንዳ ላይ ያሉ ሴቶች ሙዚቃው ካልጣማቸው መስኮታቸውን ጓ አድርገው ይዘጋሉ፤ ከጣማቸው ደግሞ ከባለሱቁ ዳቦና ሽንኩርት የሚያስመጡበትን ቅርጫት ለተጫዋቹ ያወርዱለታል። እኔ በዘመኔ ብዙ መስኮት ተዘግቶብኛል፤ ቅርጫትም ወርዶልኛል፤ ስለዚህ ፍርዱን አውቀዋለሁ። ሐናእ ቀለበት ያሰረች ዕለት ራሻ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ስታሰማ አንድም መስኮት አልተዘጋም። ቀዝቃዛ ፔፕሲ ወረደ፣ ማንጎ ወረደ፣ ከአንዱ ፎቅ ደግሞ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ አንድ ሳህን ባስቡሳ የሚሉት ጣፋጭ ኬክ፣ ገና ማሩ ሳይደርቅ ወረደ። የማን ቅርጫት እንደሆነ ባለቤቷ ሳትፈቅድልኝ አልናገርም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ እገዳውን ከሐሙስ በፊት እንዲያነሱልን፣ ይህ ካልሆነም ኮሚቴዎን ይዘው ሐሙስ ማታ ወደ ቅያሳችን ብቅ እንዲሉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወንበር አናዘጋጅም። ራሻ ስፒከሮቿን ጠርጋ፣ ሽቦዋን ጠቅልላ እየጠበቀች ነው፤ ሐናእም «እህቴ ካልተጫወተች መዳሩ ይቆይ» ማለት ጀምራለች፤ የሙሽራው አባት ደግሞ ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀምጠው ማን እንደከለከለ በስም ጠይቀዋል። እኔም ስምዎን በማዕረግዎ ጨምሬ፣ አንድ ፊደል ሳላጓድል ነግሬያቸዋለሁ።

ጆሮዎ እንዲለመልም፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ የሻይ ብርጭቆዎም ከሙዚቃ ተገላግሎ ወደ ሥራው እንዲመለስልዎ እየተመኘሁ፣ ግማሽ አስተያየቴን ተቀብለው ስላስተናገዱኝ ከሙሉ ልቤ አመሰግናለሁ።

ጥርሱን ኪሱ ከትቶ የጨፈረው አክባሪዎ፣
ፈትሂ አብዱልመውላ
አኮርዲዮን ተጫዋች (ከቁም ሳጥን ላይ የወረደ)

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሳበቃ የባስቡሳው ባለቤት ስሟ እንዲጠቀስ ፈቀደች። የተከበሩት እናትዎ ሐጃ ኢንሺራህ ናቸው። ከአድማጮቹ አንዷ ሆነው ባለመጠራታቸው ቅር ስላላቸው አስተያየታቸውን ከበረንዳ ሆነው በቃል ነግረውኛል፤ እኔም እንደ ኮሚቴዎ ሳልቆርጥ ጽፌዋለሁ፦ «ፈትሂ፣ ጻፍልኝ። ያቺ ልጅ ሐሙስ እንድትጫወት እስኪፈቀድላት ድረስ፣ ሐዚም ምሳውን ከኮሚቴው ይብላ።» ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ነገ እንደ ልማድዎ ከበረንዳው ሥር ቆመው ሲያንጋጥጡ ቅርጫቱ አልወርድ ቢልዎ፣ ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል ብለው እንዳይጨነቁ። የአድማጭ አስተያየት ነው።