ጣራው ላይ የነበረው ሰው

ውድ ወንድሜ ማናሴ፣

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። ሁለቴም ስለ ሆሳዕና ዝናብና ስለ ልጆችህ ትምህርት አውርተን ተሰነባበትን። ድምፄ ልክ እንዳልሆነ ገብቶህ «ምነው ሙሉቀን፣ አሞሃል እንዴ?» ብለኸኛል። አላመመኝም። ደንግጬ ነው። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ቤኖኒ የምንሠራው ቤት ወደ ማለቁ ነው። ግድግዳው ተቀብቷል፤ የቀረን የሳሎኑ ኮርኒስ ብቻ ነው። ባለቤቴ ፍሬገነት «መብራት በጠፋ ቁጥር በጨለማ መደናበር ሰልችቶኛል፤ ኮርኒሱ ሳይዘጋ የሶላሩ ሽቦ ይዘርጋ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ፀጋዬ ለእሱ ቤት የገጠመለትን ባለሙያ ስልክ ሰጠኝ። ሲፊሶ ይባላል፤ ሱቃችን የነበረበት የዳቬይተን ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፒካፕ መኪናው ላይ መሰላል ጭኖ መጣ። አዲሱን ወለል አይቶ ጭቃ የነካ የሥራ ጫማውን ሳንነግረው በር ላይ አወለቀ። ወዲያው ወደድኩት።

ጣራው ላይ ወጥቶ ለክቶ ወረደ። እኔ ፓኔሎቹ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ይሁኑ ብዬ ስከራከረው ሳቀና «ባባ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ ፀሐይዋ የምትዞረው በሰሜን በኩል ነው፤ ፓኔሎቹም ወደዚያ ይዙሩ» አለኝ። ከዚያ ሳሎን ገብተን መብራት ሲጠፋ የማይጠፋብን ምን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አምፖሎቹ፣ ፍሪጁ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የግቢው በር አልኩት። ምድጃውንና የውሃ ማሞቂያውን ስጨምርበት «እነሱን ተዋቸው፤ ባትሪውን ባንድ ምሽት ይጨርሱልሃል» አለኝ። እንዲህ እየተጨዋወትን ነበር።

«ከዚህ በፊት ሶላር ተጠቅመህ ታውቃለህ?» አለኝ ባትሪው የሚሰቀልበትን ግድግዳ እየለካ።

«አንዲት ትንሽ ፓኔል ነበረችን» አልኩት። «ዳቬይተን ሱቅ ሳለን። የገጠማት ሱቁን አብሮኝ የያዘው ጓደኛዬ ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልኩን የሚሞላው እኛ ጋ ነበር።»

ሜትሩ ከእጁ አምልጦ ተጠቀለለ። ዞሮ አየኝ።

«ሱቁ የት ጋ ነበር?»

«ከውሃ ታንከሩ ወረድ ብሎ። በሩ ሰማያዊ የነበረው።»

ማናሴ፣ የሰው ፊት እንደዚያ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «ውስጥ የነበረው ሰውዬ... ረጅሙ... ሞተ አይደል?» አለኝ።

ስለ አንተ ነበር የሚጠይቀኝ። «ምን ሞተ ትላለህ! አለ እንጂ። አገሩ ገብቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል። አንተ እንዴት አወቅኸው?»

ጥግ ላይ የተረፈው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ «አለ? አለ?» ይላል። ከዚያ የነገረኝን እንደነገረኝ ልጻፍልህ።

«ባባ፣ ልዋሽህ አልችልም። የዚያን ቀን ሰዉ የውጭ አገር ሰዎችን ሱቅ ሊዘርፍና ሊያቃጥል መጥቶ በሩን ሲሰብር እኔ ጣራው ላይ ነበርኩ። ፓኔሏን ልሰርቅ ነው የወጣሁት። ስልኬን ላስሞላ በመጣሁ ቁጥር ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ብሎኖቹን በመፍቻ እየፈታሁ ሳለ ከታች ጭስ መጣ። ከጭሱ ጋር ሳል ሰማሁ። ሁሉም ሰውዬው ሸሽቷል ብሎ ነበር። ከበር በኩል በጩኸቱ ምንም አይሰማም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ቆርቆሮውን ፈነቀልኩትና እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። የሆነ ነገር ላይ ቆሞ ነበር መሰለኝ፣ ያዘኝ። ሳወጣው የቆርቆሮው ጠርዝ ባቱን ተረተረው። ጮኸ። ያ ጩኸት እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በጓሮ በኩል አውርጄ የጎረቤቷ አሮጊት አጥር ሥር አስተኛሁት። ዓይኑን አልገለጠም። ሞተ ብዬ ሮጥኩ።»

«ፓኔሏስ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም።

«ቆርቆሮውን ስፈነቅል ጓሮ ወድቃ ነበር» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «ስሮጥ አንስቻት ሮጥኩ።»

አልጋው ሥር ደብቋት ብዙ ወር ሊያያት አልቻለም። በኋላ አንድ ቀን አውጥቶ እንዴት እንደምትሠራ ይመረምራት ጀመር፤ ከዚያም ይህንኑ ሙያ ተማረ። «የምበላው እንጀራ ሰው ከሞተበት ቤት የሰረቅሁት ነው እያልኩ ነው የኖርኩት» አለኝ።

ስለ እግርህ ጠባሳ እኔ ትንፍሽ አላልኩትም ማናሴ። ስለ ባትህ የነገረኝ እሱ ነው። የቱ እግርህ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቀው ግራ እግሩን ነካ አድርጎ አሳየኝ።

አሁን ምን ልበልህ? አንተ ሆሳዕና በየጉባኤው ቆመህ የምትመሰክረውን አውቃለሁ። ከላይ እጅ ወረደ፣ ጌታ መልአኩን ልኮ ከእሳት አወጣኝ ትላለህ። ያን ቀን እኔ ጀፕስታውን ሰፈር የሱቅ ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሱቁ ዐመድ ሆኖ አንተን አጥሩ ሥር ሳገኝህ፣ ከዚያ ውስጥ ሰው ያወጣሃል ብዬ ማመን ስላቃተኝ ከአንተ ጋር እያለቀስኩ አሜን ብያለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አሜን ብያለሁ። እና ያን ቅዳሜ ያ እጅ ሳሎኔ ውስጥ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ነበር። ልመታው ይሁን ላቅፈው አላወቅሁም።

እሱ ቀድሞኝ ተነሳ። ሜትሩን ኪሱ ከቶ «ሌላ ሰው ፈልግ ባባ። የአንተን ቤት ልሠራ አይገባኝም» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ፍሬገነት ለካ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ለአዲሱ ቤት የምትሰፋው የመጋረጃ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«የት ልትሄድ ነው?»

«እማማ፣ እባክሽ...»

«ሥራህን አልጨረስክም። ተመለስና ተቀመጥ።»

ውሃ ሰጠችው። ባንዴ ጨለጠው። በመጨረሻ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ «ብደውልለት ያነጋግረኛል?» አለኝ። መጀመሪያ እኔ ልንገረው አልኩት።

ስንለያይ በር ላይ እጄን ዘረጋሁለት። ጨበጠኝ። ያን እጅ ስይዝ አንተን ነው ያሰብኩት፤ ጭሱ ውስጥ ሆነህ ስትይዘው።

ያን ቀን ደግሞ ከፍሬገነት ጋር ተጣላን። እኔ «ሌባ እኮ ነው፤ ከሚዘርፉን ጋር ነበር» ስል እሷ «ከሚዘርፉን ጋር ባይወጣ ማን ይሰማው ነበር?» ትለኛለች። ምስክርነትህ እንዳይሰበርብህ መስጋቴን ስነግራት «ለምን ይሰበራል? ምንም አይቀይር፤ ስም ብቻ ይጨምርበት» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው። እኔ ግን አሁንም ሌሊቱ እንዳልነጋለት ሰው ግራ ገብቶኛል።

አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ይቅርታውም ምስጋናውም የአንተ ነው፤ እኔ በስምህ ልሰጥ አልችልም። ስለዚህ መልስህ እስኪደርሰኝ ኮርኒሱን አላዘጋም። ይህ ሰው ቤቴን እንዳይነካ ብትለኝ ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ፤ ለምን ብዬም አልጠይቅህም። ለፀጋዬም ሆነ ለማንም አልተነፈስኩም፤ ሆሳዕና ውስጥ ከአንተ በቀር የሚሰማው አይኖርም።

እሺ ካልከኝ ግን ቁጥርህን እሰጠዋለሁ። የዙሉ ቋንቋህን እንዳልረሳኸው አውቃለሁ። ስልኩን ስታነሳ መጀመሪያ ላይ ዝም ቢልህ፣ እባክህ እንዳትዘጋበት።

የሚናፍቅህ ወንድምህ
ሙሉቀን
ቤኖኒ፣ ደቡብ አፍሪካ