የመንግሥት ሥጋ አልበላም ስላለው ውሻ

ሮቤ፣ ግንቦት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኦቦ ዲማ
በቀበሌያችን የባለቤት አልባ እንስሳት ቁጥጥር የሥራ ሂደት ባለቤት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ የቤትዎ እመቤት፣ ልጆችዎ፣ ሲናና ወረዳ ያሉት ላሞችዎና በማሳ ያለው ስንዴዎ ሁሉም «ነጋ»፣ በአማርኛው ሰላም፣ እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰሞኑን ከተራራው የሚወርደው ብርድ ጉንፋን እንዳያስይዝዎ፣ ጉሮሮዎም እንዳይዘጋ ከልብ እመኛለሁ፤ ለቅዳሜ ጉሮሮዎ በጣም ያስፈልግዎታልና።

እኔ ሲስተር ሠርከአዲስ እሸቴ እባላለሁ። ከመንዝ መጥቼ እዚሁ ሮቤ ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስሜን ባያስታውሱ መርፌዬን ያስታውሱ ይሆናል፤ የቀበሌያችን ግማሽ ሰው በእኔ እጅ የተከተበ ነው። ስለ ጉዳዬ በአፋን ኦሮሞ የጻፍኳቸው ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው እዚያው ስለቀሩ፣ ምናልባት ችግሩ የእኔ ሰዋስው ይሆናል ብዬ ሦስተኛውን በአማርኛ ጽፌአለሁ። ወይዘሮ ሞሚናም ፈቅደውልኝ በሻይ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ሻይ ቤቱ ከቢሮዎ ቀድሞ ይከፈታል፤ ስብሰባ ላይ ናቸው የሚባል ነገርም የለበትም።

የምጽፍልዎ ግንቦት 7 ቀን በፊርማዎና በክብ ማኅተም ተረጋግጦ ስለደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ነው። «ታገስ የተባለው ውሻዎ በመንግሥት ሠራተኛ የቀረበለትን ሥጋ ባለመብላት የዘመቻውን ክንውን አደናቅፏል» ይላል። ሥጋው መርዝ የተቀባ መሆኑን ደብዳቤው አልጠቀሰም፤ ወረቀት ለመቆጠብ ይመስለኛል። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ በላ ተብሎ የተከሰሰ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አልበላም ብሎ የተከሰሰ ግን ታገስ የመጀመሪያው ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኛ ጉድ ግን በግንቦት ደረሰ።

የደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ ደግሞ «ውሻው ከባለቤቱ በስተቀር የማንንም ትእዛዝ የማይቀበል ሆኖ ስለተገኘ፣ ቅዳሜ ግንቦት 15 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሥጋው በሠራተኛ ሲቀርብ እርስዎ ራስዎ እንዲያበሉት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌም አንድ ጊዜ ጨመርኩ። ቃሉ አልተለወጠም፤ በገዛ እጄ ነው የሚለው።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ታገስ ይህን የመሰለ እንቢተኛ እንዴት እንደወጣው ላስረዳ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ከአራት ዓመት በፊት ተራራው ላይ ካለችው ከሪራ መንደር ማር የሚያመጣው ዋቆ፣ ሚስቱን አስታምሜለት ስለነበር፣ ከማሩ ጎን አንድ ቡችላ በጋቢው ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቡችላው ያገኘውን ሁሉ ይበላ ነበር፤ ሳሙና በላ፣ የጎረቤት ዘንቢል በላ፣ ከሁለት ጫማዬ ሁልጊዜ ግራውን ይመርጥ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ በዱላ በይው ብሎ መከረኝ። እኔ ግን በሥራዬ ያየሁት ነገር ነበረ፤ መርፌ የፈራን ልጅ ከተቆጡት በሚቀጥለው ወር አልጋ ሥር ተደብቆ ነው የሚገኘው፤ ተወግቶ እንባው ሳይደርቅ ከረሜላ የሰጡት ልጅ ግን እጅጌውን ራሱ ሰብስቦ ይመጣል። ስለዚህ ሳንባ ቀቅዬ፣ በሽምብራ ልክ ከትፌ፣ በኪሴ ይዤ ማስተማር ጀመርኩ። ቂጡ መሬት በነካ ቅጽበት አንዲት ፍሬ ሳንባ ትሰጠዋለች፤ ከዘገየሁ ለምኑ እንደተሰጠችው አይገባውም። ከተሳሳተ ዱላ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ፍሬዋ ብቻ ትቀርበታለች። በሳምንቱ መቀመጥ ቻለ፣ በወሩ ስጠራው መምጣት፣ በሦስት ወሩ ደግሞ ምግብ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ እስኪፈቀድለት ድረስ መጠበቅ ቻለ። ታገስ የተባለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ጎረቤቴ ሀጂ መሀመድአወል በየማለዳው ወደ መስጊድ የሚያልፉት ውዱእ አድርገው ስለሆነ፣ የውሻ ምራቅ ከነካቸው ተመልሰው መታጠብ አለባቸው። ታገስ ሰላም ልበልዎ እያለ ሲዘልባቸው ሀጂ ሦስት ማለዳ ሙሉ ከመንገድ ተመልሰዋል፤ አንድም ክፉ ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም። እኔ አፍሬ ሳንባዬን ይዤ ወጣሁና፣ ሀጂ ብቅ ሲሉ በሁለት እርምጃ ርቀት ቁጢጥ ብሎ እንዲያሳልፋቸው አስተማርኩት። ሀጂም የሠለጠነ ውሻና ያልሠለጠነ ውሻ በሃይማኖታችንም አንድ አይደሉም ብለው ከሥጋ ቤት ሲመለሱ ቁራጭ ይጥሉለት ጀመር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከእጄ የወጣው። እኔ ለመብላት ፈቃድ ያስተማርኩት ቃል «ብላ» ነበር። ሀጂ ግን በር ሲከፍቱ፣ ውኃ ሲጠጡ፣ ጫማ ሲያጠልቁ ሳይቀር ቢስሚላህ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ቁራጩን ሲጥሉም እንዲሁ። ታገስ ከሁለታችን ቃል የእሳቸውን መረጠ። እኔ ብላ ብለው ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ ቢስሚላህ ሲባል ያነሣል። ኧረ ተው ብዬ አንድ ወር ታገልኩት፤ እሱ እቴ! መንዝ ተወልጄ፣ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነሥቼ፣ በስድሳ ሁለት ዓመቴ ለውሻ በቀን ሁለት ጊዜ ቢስሚላህ እላለሁ። የንስሐ አባቴም ይህን ሰምተው ስግደት አልጨመሩብኝም።

ግንቦት 4 ቀን እኔ ገበያ ሳለሁ ሠራተኛዎ ሳላሀዲን ሥጋውን ይዞ ወደ በሬ መጣ። የወይዘሮ ሞሚና ሻይ ቤት ከበሬ ፊት ለፊት ስለሆነ የሆነውን ሁሉ ያዩት እሳቸው ናቸው። ሥጋው ሲቀመጥለት ታገስ ቁጢጥ አለ። ሳላሀዲን በእንጨት ገፋ አደረገለት፤ ታገስ ሥጋውን ትቶ የሳላሀዲንን አፍ ማየት ጀመረ። ሳላሀዲን የሰፈራችን ሰው ነው፤ ውሻው ምን እንደሚጠብቅ በደንብ ያውቃል። ዝናብ መጣ፤ አንዱም ከቦታው አልተነሣም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከተያዩ በኋላ ሳላሀዲን ሥጋውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር በለኝ፣ እያለ ሄደ። በማግስቱ ቤቴ መጥቶ በመርዝ ላይ የአላህን ስም መጥራት እንዳቃተው ነገረኝ፤ ይህን የሚያህል ትልቅ ሰው፣ የአራት ልጆች አባት፣ ከፊቴ አለቀሰ። ታገስ እግሩ ሥር ተኝቶ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼ እነሆ።

1. የሥራ ሂደትዎ የሚመለከተው ባለቤት አልባ እንስሳትን ነው፤ ደብዳቤዎ ደግሞ ባለቤት ይለኛል። ባለቤት የሌለውን ውሻ ባለቤቱ ታብላው ብሎ ለማዘዝ የሚያስችል ችሎታ በየቀበሌው አይገኝም፤ ላረቀቀው ባለሙያ አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

2. ታገስ ተከትቧል። የተራራው ቀይ ቀበሮ ከውሻ በሽታ እንዳይጋባበት የከተማ ውሻ ሊከትቡ የሚመጡት ባለሙያዎች ያሰሩለት ቀይ ምልክት አንገቱ ላይ አለ፤ የክትባት ካርዱንም ቅጂ ከሁለቱም ማመልከቻዎች ጋር አያይዣለሁ። የተሰጠኝ የቃል መልስ የዘመቻው ዕቅድ የተከተበና ያልተከተበ ብሎ አይለይም የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ላይ አልቀልድም። ከገሰራ ወረዳ መጥታ በእብድ ውሻ በሽታ የሞተች ልጅ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ውኃ በብርጭቆ ስናሳያት የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እጇ በእጄ ውስጥ ነው የቀዘቀዘው። ስለ ውሻ በሽታ ለሰፈሩ የጮኽኩት እርስዎ ገና ተማሪ ሳሉ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የለመንኩት ግን ክትባት ነበር፤ የተከተበ ውሻ ለሰፈሩ ልጆች አጥር ነው። እርስዎ አጥሩን እየነቀሉ ጅብ ከለከልኩ ይላሉ።

3. ዕቅዱ ስድሳ ውሻ፣ ክንውኑ አምሳ ዘጠኝ መሆኑን፣ ይህም ዘጠና ስምንት ነጥብ ሦስት በመቶ እንደሆነ ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ አንብቤያለሁ። መቶ ለመሙላት የቀረው ታገስ ብቻ ነው ማለት ነው። ከአምሳ ዘጠኙ የመጀመሪያው የቢሮዎ ዘበኛ የኦቦ ቱሉ ውሻ መሆኑን ሰሌዳው አይገልጽም። ያ ምስኪን ማንም ምንም ስላላስተማረው፣ ቢሮው ያቀረበለትን ሁሉ አምኖ በላ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይህ ነው። ሰባት ዓመት የመንግሥትን ንብረት ጠብቆ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ፤ ኦቦ ቱሉም ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥበቃው ላይ ብቻቸውን ያድራሉ።

4. ሳላሀዲን በግምገማ የአመለካከት ችግር አለበት ተብሎ ዝቅተኛውን ነጥብ ማግኘቱን ሰምቻለሁ። ለቢሮዎ ይጠቅም እንደሆነ ከሙያዬ አንድ ነገር ላካፍል፤ የሚፈለገው ነገር በተደረገ ቅጽበት ነው ፍሬዋ መሰጠት ያለባት። ሳላሀዲን ያን ዕለት ዝናብ ላይ ቆሞ ትክክለኛውን ነገር አድርጓል። እርስዎ ግን ዱላ አነሡበት። አሁን ቢሮው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ሠራተኞች ምን እንደተማሩ ራስዎ ያስቡት።

ወደ ቅዳሜው ትእዛዝ ልመለስ። አልፈጽመውም። ከሦስት ዓመት በላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ያንን ቃል ከሰማህ ምንም ክፉ አያገኝህም ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳን አታልዬው አላውቅም። ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ በሩን ስከፍት ብድግ የሚልልኝ እሱ ብቻ ነው። እወደዋለሁ። ይህን በክብ ማኅተም ማረጋገጥ ባልችልም እውነት ነው። ትእዛዝ ባለመፈጸሜ የሚመጣብኝን ቅጣት የክትባት ካርዱን ይዤ እጠብቃለሁ።

በመጨረሻም፣ የስድሳ ሁለት ዓመት አሮጊት ከጡረታ መሰልቸት አውጥተው እንደገና ብዕር ስላስያዙኝ፣ ሰፈሩን አንድ ላይ ሻይ ስላጠጡልን፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ውሻ ጉዳይ ስላስማሙልን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለውሻዬ ሰው ያላሰበለትን ያህል ስላሰቡለት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የእርስዎንም ማዕድ ፈጣሪ ይባርክልዎ፤ የሚያቀርብልዎ ሰው ሁሉ እጁ ንጹሕ ይሁን።

በታላቅ አክብሮት፣ ከነሙሉ ጤንነቷ፣ ከነውሻዋ፣
ሲስተር ሠርከአዲስ እሸቴ

ግልባጭ፦
ለሀጂ መሀመድአወል
ለአቶ ሳላሀዲን፣ ከአንድ ሳህን ቅቤ ጋር
ለኦቦ ቱሉ፣ ከሐዘን መግለጫ ጋር
ለታገስ፣ ተነቦለታል

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዎ ውሻው ከባለቤቱ በስተቀር የማንንም ትእዛዝ አይቀበልም ያለው ስሕተት ስለሆነ ላርም። ታገስ ያንን ቃል የሚለውን ሰው ሁሉ ያምናል። ስለዚህ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሌላ ሠራተኛ አያድክሙ፤ በሩ ክፍት ነውና እርስዎ ራስዎ ይምጡ። ሥጋውን ያስቀምጡለት፤ ቁጢጥ ብሎ አፍ አፍዎን ያያል። ያን ጊዜ በየማዕድዎ የሚሉትን ያንን አንድ ቃል፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ በመርዙ ላይ ይበሉ። ጁምዓ ጁምዓ ከሀጂ መሀመድአወል ጎን ስለሚሰግዱ ቃሉ አይጠፋዎትም፤ ሀጂም በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመው ለመስማት ወስነዋል። ቃሉ ቶሎ አልወጣ ካለዎት ግን አይጨነቁ፤ ታገስ መጠበቅ ይችላል።