ሜዳ ወዳዱ ዲፈረንሻል

ይድረስ ለእትዬ ቾልዌ፤ ሶልዌዚ ላይ የዚያን ሁሉ የማዕድን ጎረምሳ ድስት ለምታማስይው።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ያስቸገረሽ ጥርስ ተነቀለ ወይስ አሁንም ጉንጭሽን ነፍቶ እንቁራሪት አስመስሎሻል? ባልሽ ቺሙካስ ደህና ነው? ሲተኛ አሁንም እንደ ጀልባ ሞተር ያንደቀድቃል? ትንሿ ሉያንዶ ስሜን ትጠራለች ወይስ ልጅቷን እንዳላበላሽ ብለሽ ደብቀሽኛል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እጄም እግሬም በቦታው አለ ለማለት ነው እንጂ ልቤስ አልረጋ ብሏል። ይህችን ወረቀት ከማንጎው ሥር ጀመርኳት፤ ጉንዳን አባረረኝ። ጋራዡ በር ላይ ቀጠልኳት፤ አላፊ አግዳሚው ለየትኛዋ ልጅ ነው የምትጽፈው እያለ አስቸገረኝ። ቁጭ ብድግ ስል ነው የዋልኩት።

በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ያን ጊዜ ደውዬ ሌባ አሉኝ ስልሽ፣ ምን ሰረቅክ፣ የፓስተሩን ሱሪ ነው ብለሽ ስቀሽ ስቀሽ ዘጋሽብኝ። አልፈርድብሽም። አዞ እግሬን በላኝ ብዬ ከሶልዌዚ ድረስ አስመጥቼሽ አውቶቡስ መውረጃው ላይ በሁለት እግሬ እየጨፈርኩ የተቀበልኩሽ ሰው ነኝ። ወረቀት ግን ብትስቂበትም ቃሉ አይጠፋም፤ ሳቅሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ እዚያው ይጠብቅሻል።

አጎታችን ማላምቦ ደውለው ያሉሽን ሰምቻለሁ። ማይንዛ የኪሎሜትር ቆጣሪውን ኬብል እየነቀለ በመኪናዬ የራሱን ሥራ ይሠራባታል፣ ናፍታዬን ያቃጥላል ብለውሻል። መሪውንም ነጥቀው ለአክስታችን ልጅ ለሚሊሞ ሊሰጡት ነው፤ ለዚያ የእጅ ጋሪ እንኳ ወደ ኋላ ማስኬድ ለማይችለው። እትዬ፣ መኪናዋ ትቅርብኝ። ግን በዚህ ሸለቆ ውስጥ ኬብል ነቃይ ከተባልኩ ማን ብስክሌቱን እንኳ ያበድረኛል? ከእኔ አፍ ስሚውና ከዚያ ፍረጂ።

መኪናችን እንዴት እንደነበረች ታስታውሻለሽ። ከሰሉን ጭና የባቶካን ዳገት ስትወጣ እንደ አሮጊት ቀስ ብላ፣ ሳታማርር፣ ሳታርፍ ነበር። አናቱ ላይ ደርሳ ወደ ሉሳካ የሚወስደውን ሜዳ ስትይዝ ግን ሞተሯ እሪ ይላል፤ ጋቢናው ውስጥ ሰው ካጠገብሽ ቢሞት አትሰሚም። ናፍታ ደግሞ ትጠጣለች፣ ሠርግ ቤት እንደገባ ሰው። ይህ አጎታችንን ሲያንገበግባቸው ኖሮ ሉሳካ ላይ አንድ ባለመኪና ዲፈረንሻሉን ለውጠው፣ ናፍታህ ይቀንሳል አላቸው።

ከኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለችውን ዱባ የመሰለች የብረት ሆድ አይተሻት ታውቂያለሽ። ውስጧ ትልቅና ትንሽ ጥርሳም ብረት ተያይዘው ይዞራሉ። የእኛዎቹ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት የሚሄድባቸው ነበሩ፤ አጭር እርምጃ በያቸው። አጭር እርምጃ ዳገት ይወዳል። አጎታችን ያመጡት ደግሞ ሞተሩ ጥቂት ዞሮ ጎማው ብዙ የሚሄድበት ነው፤ ባለ ረጅም ቅልጥም። የድሮውን እዚያው ለአሮጌ ብረት ነጋዴው ሰጥተው፣ አዲሱን በአውቶቡስ ጭነው እንደ ሙሽራ አመጡት። ሀቤንዙ መካኒኩ ገጠመው። ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩ፤ አልዋሽሽም። ሜዳው ላይ ሞተሯ ዝም አለ። የጋቢናው ሬዲዮ እንደሚሠራ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ዳገቱ ላይ ግን ጉድ ፈላ። በሦስተኛ ማርሽ እየዘፈንኩ የምወጣውን መታጠፊያ በአንደኛ እያቃሰተች፣ ፍሪሲዮኑ እየሸተተ፣ ራዲያተሩ እንደ ንሺማ ገንፎ ድስት እየተንተከተከ መውጣት ሆነ። ቁልቁለቱንማ አታንሺው፤ ሞተሩ መያዙን ትቶ ሁሉንም ፍሬኑ ላይ ጣለው። ሞንዜ አጠገብ ደግሞ ፖሊስ አስቁሞ ከመቶ በላይ እየበረርክ ነው አለኝ። የፍጥነት ሰሌዳዬ ሰማንያ ይላል ብዬ ተከራከርኩት፤ ሽጉጥ የምትመስለዋን የፍጥነት መለኪያውን ሚስትህ ናት የሰጠችህ አልኩት። ቅጣቱን እጥፍ አደረገው። እንግዲህ እዚያ ላይ ነበር ነገሩ ሊገባኝ የሚገባው፤ እኔ ግን በቀልዴ ተደስቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

አጎታችን ናፍታው ቀነሰ ወይ ብለው ሲያዩ አልቀነሰም። ቆጣሪውን ሲያዩ ደግሞ ሉሳካ ደርሶ መልስ ድሮ ከሚያሳየው ሩብ ያህሉ ጎድሏል። መንገዱ መቼም እንደ ቆዳ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ልጁ ኬብሉን ነቅሏል። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ አይይዛትም፣ ሰሌዳውም ይዋሻል ስላቸው፣ ካንተ በልጦ ነው ወይ አሉኝ፤ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ሀቤንዙ ሊያስረዳቸው ቢሞክር፣ የምከፍልህ ብሎን እንድታጠብቅ ነው ብለው አፉን አዘጉት። የእናት ወንድምን ተሳስተዋል ብሎ መቆም ለእኔ ደግሞ እንዴት ይሆናል? አንቺ እንኳ ታላቅ ሆነሽ አትደፍሪውም።

በዚህ መሀል የጎሳችን አሮጊት ናምዌንዳ አረፉ፤ ሰምተሻል። ዕድሜ ጠግበው፣ ጥርሳቸውን ጨርሰው ነው የሄዱት። እኛ የዝሆን ጎሳ፣ ሀቤንዙ የፍየል። ፍየል በዝሆን ለቅሶ ላይ ካልቀለደ ሟች አያርፍም፤ የተቆጣ ዝሆን ደግሞ ዶሮ ይከፍላል። ይህን ሳስብ ልቤ ዘለለ። ሄጄ ሀቤንዙን፣ ጋራዥ ውስጥ ያልሰሙህን ለቅሶው ላይ አሰማቸው አልኩት። ሳቀና ከሰል የነካው ድስት አምጣ አለኝ።

እትዬ፣ አለመኖርሽ ቆጨኝ። ሀቤንዙ ሆዱ ላይ ጆንያ አስሮ፣ ውኃ የሞላ ድስት አናቱ ላይ ጭኖ፣ ከለቀስተኛው ፊት ያለውን ኩይሳ መውጣት ጀመረ። እያቃሰተ፣ በአፍንጫው እያንኮራፋ፣ ውኃው በጆሮው እየፈሰሰ። መሀል ላይ ቆመና የሟች ልጆችን ግፉኝ ብሎ ለመነ። ከዚያ ኩይሳውን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ እንደ ሰጎን እየተወረወረ ሮጦ ዳሱን ዞረው፤ በየእርምጃው ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች አሁን በሳቅ ነው የሚያለቅሱት። መጨረሻ ላይ አጎታችን ፊት ተንበረከከ።

«አንተ የዝሆን ዘር፣ እግርህን አስረዝመህ፣ እርምጃህን ግን በድሮው እግር ቆጥረህ፣ መንገዱ አጠረ ብለህ ልጅ ትከሳለህ?» አላቸው።

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። አጎታችን ሀቤንዙን አዩት፣ ድስቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። ቢቆጡ ዶሮ ነው። ቆይተው ቆይተው፣ ፍየል መቼ ነው ቂጡን ሳይሸፍን ስለ ሰው እግር ማውራት የጀመረው አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። 

በማግስቱ ጠዋት ከሰሉን ጭኜ ስመለስ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን አድርገው፣ ቀኝ ኪሳቸውን በቆሎ ሞልተው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። በሩን ከፍተው ጋቢናው ውስጥ ገቡ። ዳገቱ ላይ ዓሣ በቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች በእግራቸው ደርሰውብን አለፉን፤ አንዷ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጥታ፣ እንግፋላችሁ ወይ አለች፤ ከልቧ ነው እኮ። መታጠፊያው ላይ ራዲያተሩ ሲፈላ አጎታችን ራሳቸው በዚያ ጫማ ወደ ወንዙ ወርደው ጀሪካን ተሸክመው ወጡ። እኔ አልሳቅኩም። ከንፈሬ እስኪያመኝ ነክሼ አልሳቅኩም።

ሜዳው ላይ ከመንገዱ ዳር ካሉት የኪሎሜትር ድንጋዮች አንዱን ባለፍን ቁጥር አንዲት በቆሎ ከቀኝ ኪሳቸው ወደ ግራው ያሻግራሉ። ርቧቸው አንዷን እንዳይቆረጥሟት ዓይኔን ከኪሳቸው አልነቀልኩም። ቀስ በል አሉኝ። ሰሌዳው ሰባ ነው የሚለው አልኳቸው። ወዲያው አንዱን አውቶቡስ ጥለነው አለፍን፤ አውቶቡሱን አዩት፣ ሰሌዳውን አዩት። ፔምባ ላይ አስቁመው በቆሎውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ቆጠሩ። መንገዱ አራት ሲል ሰሌዳው ሦስት ነው የሚለው። የቆጣሪውን ኬብል የሚያዞረው ካምቢዮው ነው፤ ጎማው በረጅም ቅልጥም መሄዱን ማን ነግሮት ያውቃል? እኔም በእሱ ተማምኜ ሳላውቅ ስበርር ከርሜያለሁ። በረርኩ ማለት ናፍታ በላሁ ማለት ነው፤ ይህን ያህሉ ጥፋት የእኔ ነው። ቀስ ብለን ስንነዳት በእርግጥ ሜዳው ላይ ቆጥባለች። ግን የቆጠበችውን ዳገቱ ላይ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች መልሳ ትጨልጠዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው። በመልስ ጨውና የበቆሎ ዱቄት ጭነን ቁልቁለቱን ጀመርን። ድሮ በምወርድበት ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ አልያዛትም። ዝቅ አደረግኩ፤ አሁንም ትገፋለች። ፍሬኑን ይዤ እየለቀቅኩ፣ እየለቀቅኩ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጭሱ በመስኮት ገባ። አጎታችን አንድ እጃቸው በሩ ላይ ነበር። ዘለው ይወርዳሉ ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸውን ከበሩ አንስተው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። እስከ ታች አላነሱትም። ባኦባቡ ዛፍ ሥር ስንቆም ጎማው ይጤሳል።

«ስንት ጊዜ እንዲህ ወረድክ?» አሉኝ።

ከተገጠመ ጀምሮ ሁልጊዜ አልኳቸው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር አጎቴ። እርስዎ ግን ሳቁብኝ።»

 በማግስቱ ዲፈረንሻሉ ወረደ። የድሮው ተሽጦ ጠፍቷል፤ ሀቤንዙ ደግሞ መካከለኛ አለ፣ ዳገቱንም ሜዳውንም የሚያስታርቅ፤ ከቆጣሪውም ጋር የሚስማማ ትንሽ ጥርስ አብራችሁ አምጡ ብሏቸው አጎታችን ወደ ሉሳካ ሄዱ። ልቤን የሚበላኝ ግን ይኸውልሽ፤ ይዘው የሄዱት እኔን አይደለም፣ ሚሊሞን ነው። ለሸክም ነው ወይስ መንገዱን ሊያሳዩት? ከሄዱ አልደወሉም። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እኔ ዙሪያዋን እንደ ዝንብ እዞራለሁ። ጎማዎቹን አጠብኩ። ያጠብኳቸውን ደግሜ አጠብኩ። ሀቤንዙ የራሴን ጭንቅላት እንዳጥብ መከረኝ። የሚያስቅ ነገር አንድም አልመጣልኝም፤ እናታችን አሞሃል ወይ ብላ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

እንግዲህ ፀሐዩ በረታ፤ ወደ ጋቢናው ወጥቼ ልጨርሰው። እናታችን ትስምሻለች፤ ጨው ያልበዛበት የካፔንታ ዓሣ በሰው እልካለሁ ብላለች። አክስቴ የዶሮዎቿን ሰላምታ ሳይቀር ልካልሻለች። ሀቤንዙ የፍየል ሰላምታ ብሎሻል፤ ምን እንዳለሽ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነባሉ። ለቺሙካ ሰላም በይልኝ፤ ሲያንኮራፋ አፍንጫውን ያዢው። ሉያንዶን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ከአጎትሽ ነው በያት። አብራሽ ለምታበስለው ለዚያች ጎረቤትሽም፣ ለዚያች ለቆንጆዋ፣ ሁለት ጊዜ።

ቆይ እትዬ፣ አውቶቡሱ ቆመ። ሚሊሞ ብረቱን በጆንያ ተሸክሞ እንደ ኤሊ ጎብጦ ወርዷል። አጎታችን ከኋላው ናቸው። ወደ እኔ እየመጡ ነው።

መጡ። በመስኮቱ ወረቀቱን አይተው ለማን ነው አሉ። ለእትዬ አልኳቸው። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን አቧራ አራገፉ።

«ቁልቁለቱን አብሬው ወርጃለሁ በላት። ሌላ አትጨምር» አሉ።

ይኸው አልጨመርኩም። ሚሊሞን ብሎን እንዲይዝ ከመኪናዋ ሥር አስገቡት። እኔን ግን ከጋቢናው ውረድ አላሉኝም።

ታናሽ ወንድምሽ ማይንዛ
ሲናዜዜ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2013