ደረጃ ላለመውጣት ፈቃድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚሰጡት ርእሰ መምህር

ለተከበሩ ርእሰ መምህር፤

አንድ ልጅ «አመመኝ» ሲል እውነቱን መሆኑ በምን ይታወቃል? ይህን ያልጠየቀ ወላጅም ሆነ መምህር ያለ አይመስለኝም፤ የእርስዎ ትምህርት ቤት ግን መልሱን ስላገኘው እንኳን ደስ ያለዎት እያልኩ፣ ለጤናዎ፣ በተለይም ለጉልበትዎ፣ መልካም ምኞቴን አስቀድማለሁ።

እኔ የአንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎ ታላቅ እህት ነኝ። የምረቃ ፎቶዬ ገና ግድግዳ ላይ ሳይሰቀል፣ ሥራ ፍለጋውን ለጊዜው ገታ አድርጌ፣ እህቴን ጠዋት ማድረስ ከሰዓት መመለስ ይዣለሁ። መገጣጠሚያዎቿን ማመም ከጀመራት ሁለት ዓመት ሆናት። ሐኪሟ ቶሎ የሚለቅ እንዳልሆነ፣ አብሮት መኖር ግን እንደሚቻል ነግራናለች፤ እኛም እየተማርን ነው። ጠዋት እጇን በሞቀ ውሃ ታፍታታለች፣ ሩብ ሰዓት ከጻፈች አምስት ደቂቃ ጣቶቿን ታሳርፋለች፣ ሕመሟንም ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ትነግረኛለች። ስድስት ሆኖባት እንኳ ከትምህርት ቤት አልቀርም የምትል ልጅ ናት። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ታች ምድር ላይ ባለው ክፍል እንድትማር ስንለምን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ፈቃዱ በየአሥራ አምስት ቀኑ እንደሚታደስና ታማሚዋ ራሷ ቀርባ መፈረም እንዳለባት በትሕትና አስረድቶናል። ጽሕፈት ቤቱ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ስለዚህ እህቴ ደረጃ እንዳትወጣ የሚፈቅደውን ወረቀት ለመፈረም ስድሳ ስምንት ደረጃ ትወጣለች፤ የቆጠረችው ራሷ ናት፣ በሂሳብ አትታማም። ባለፈው ጊዜ አዝያት ብወጣ ጸሐፊዎ «በራሷ እግር ካልመጣችማ ቀረበች አይባልም» አሉኝ። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ይህን ትርጓሜ ስላላገኘሁት፣ ለተጨማሪ ትምህርቱ ባለ ውለታቸው ነኝ።

፪. እህቴ ክፍል ውስጥ መቼ ጽፋ መቼ እንደምታርፍ ያወጣሁትን፣ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ያለውን አራት ገጽ ዕቅዴን ስለተቀበሉኝ። መቼም በደንብ የተጻፈ ወረቀት ይነበባል ብላ የምታምን አዲስ ምሩቅ አይፈረድባትም። ከሳምንት በኋላ ስመጣ ጠረጴዛዎ ላይ አገኘሁት፤ የሻይ ብርጭቆዎ ክብ ምልክት «የዕረፍት ሰዓት» በሚለው ርእስ ላይ ታትሟል። ከዕቅዴ ብርጭቆዎ እንኳ መጠቀሙ አጽናንቶኛል።

፫. ለዚህኛው ቁጥር መስጠት ራሱ ከብዶኛል። ምክትልዎ እህቴን በዕረፍት ሰዓት ከጓደኛዋ ጋር ስትስቅ አይተዋት፣ ክፍል ገብተው በልጆቹ ሁሉ ፊት «አንቺ፣ የሚያመው ሰው እንዲህ ጥርሱ ይታያል እንዴ? ወይ ተዋናይት!» ብለዋታል። ልጆቹም ስሙን ወደዱት፤ ይኸው እስከ ዛሬ መጠሪያዋ ሆኗል። ሐኪሟ ከኪኒኑ እኩል ያዘዘችላት ከልጆች ጋር መጫወትንና መሳቅን ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከቤት ስንወጣ «ዛሬ ስንት ነው የኔ ቆንጆ?» ብላት «ሦስት» አለችኝ። ደስታዬን ሳልጨርስ «ግን እዚያ ስንደርስ ስምንት አስመስላለሁ፣ አለዚያ አያምኑኝም» አለች። ከዚያ ወዲህ በግቢዎ ውስጥ ስትስቅ ያያት የለም። ትወና የማታውቅ ልጅ ሰጥተናችሁ ነበር፤ አስተምራችሁልናል።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ አዳራሹም ሁለተኛ ፎቅ ነው። የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም፦ ታች አንድ ወንበር፣ በየሩብ ሰዓቱ አምስት ደቂቃ፣ እና ምክትልዎ ያንን ቅጽል በሰጧት ክፍል ፊት ቆመው ስሟን እንዲመልሱላት። ማኅተምዎም መገጣጠሚያ ስለሌለው፣ አንድ ቀን ደረጃ ቢወርድ አያመውም። መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ ወላጆችም፣ መታመሙን ለማስረዳት ሳቁን የደበቀ ልጅ ቤታችሁ ካለ ጻፉልኝ፤ ደብዳቤዎቻችሁን ተሸክሜ ስድሳ ስምንቱን ደረጃ እኔው እወጣለሁ።

ለቢሮዎ ከፍታ ያለኝን አክብሮት ከታች፣ ከመጀመሪያው ደረጃ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ እየገለጽኩ፣

የ«ተዋናይቷ» ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቃዱ የሚታደሰው የፊታችን ሰኞ ነው። እህቴ ደረጃው ሥር ወንበር ይዛ ትጠብቅዎታለች። ማኅተሙን ይዘው ሲወርዱ አይታ ድንገት ብትስቅ፣ አደራዎን፣ ዳነች ብለው እንዳይጽፉባት።