ኮዳችን ጋሽ ተፈራ ምድር ቤት ሊገባ ነው

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

በነፃ የምናድለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራማችን ኮዱ የተቀመጠበት ድርጅት ሊዘጋ ስለሆነ፣ ሌላ ቦታ ለመምረጥ ዛሬ አብረውኝ ከሚሠሩት ከሄለንና ከዳዊት ጋር ሃሉንዳ ሰፈር ጋሽ ተፈራ ቤት ተሰበሰብን። ስንት ድርጅት አወዳድሬ ሄጄ ነበር። ገና አፌን ሳልከፍት ጋሽ ተፈራ፣ "ምን አስቸገራችሁ ልጆቼ? ምድር ቤት ያለው ፎሮዴ፣ ዕቃ ማስቀመጫዬ፣ ባዶ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተርም አለኝ። እዚያ ይቀመጥ!" አሉ።

አምና እዚያው ፎሮድ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃውን ስንቀዳ የዋልነው እኛው ነን። ግን እሳቸው ፊት ማን ደፍሮ እምቢ ይላል? ሄለን "እግዜር ይስጥልን" አለች። ዳዊት "እርስዎ ካሉማ" አለ። እኔም እንደ ጅል ራሴን ነቀነቅሁ።

ቤቴ ስገባ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ደወሉ።

"ምን ነካችሁ? እሱ እኮ ለወጉ ነው ያለው! 'ኧረ አይገባም' ትላላችሁ ብሎ ነበር። ፎሮዱ መች ባዶ ሆኖ ያውቃል? አሁን ዕቃውን የት እንደሚያደርስ ጨንቆታል።"

"ታዲያ ይቅርብን ልበላቸው?"

"ኧረ በጭራሽ! የናቃችሁት ይመስለዋል።"

ሰኞ አሮጌውን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርገን ልንተክል እንሄዳለን። ዳዊት ምን ይዤ ልምጣ ቢለኝ፣ ባልዲ አልኩት።