ሰሌዳው ላይ የሣልኩት ጀልባ

ሮም፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ሰናይት በጀልባ ተሻግራ እንደመጣች፣ እህቷም ባሕር ላይ እንደቀረች አውቅ ነበር። በምዝገባው ቀን ራሷ ነግራኛለች።

ዛሬ ፒኜቶ ሰፈር ባለው የጣሊያንኛ ክፍላችን ተራው የመርከበኞች አባባል ነበር። ጣሊያኖች ሥራው ገና ብዙ ሲቀር «ኢን አልቶ ማሬ» ይላሉ፤ መሀል ባሕር ላይ ነን እንደማለት። ሰናይትን አስነሥቼ ዓረፍተ ነገር እንድትሠራበት ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ እኔን ይለፉኝ።»

«በእኔ ክፍል ማንም አይታለፍም» አልኩ። ጡረታ ያላስጣለኝ ደንብ ነው። እንዲገባት ብዬ ጀልባ ሣልኩ፤ ላዩ ላይ ሰዎች ደረደርኩ። ክፍሉ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ገና ቦታ አለ፣ ይጫኑበት!» አለ አንዱ ከኋላ። ጨመርኩ።

«ጋሼ፣ በቃ። አይጨምሩበት» አለች ሰናይት። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሰሌዳውን በመዳፌ ጠረግኩት። የፊታችን ማክሰኞ ለፔርሜሶዋ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ፣ የጣሊያንኛ ፈተና አለባት፤ ብትቀር በእኔ ነው። ስልኬ ላይ ደጋግሜ ጽፌ ሰረዝኩ። በመጨረሻ የላክሁላት ይህን ነው፦

«ሰናይት፣ አጥፍቻለሁ። ከፈለግሽ ለብቻሽ፣ ያለ ሰሌዳ አስጠናሻለሁ። እባክሽ ዛሬውኑ መልሺልኝ።»