በጥርሴ ሰበብ የተደፋው ቢራ

ውድ አጎቴ፣

ስልክ አላነሳ ስላልክ ነው የምጽፍልህ። አክስቴን «ተኝቷል በያት» እያልክ እንደምታስዋሻት አውቃለሁ። እሷም ውሸት አይሆንላት፤ «ተኝቷል በይ እያለኝ ነው» ትለኛለች። ደብዳቤ ግን ተኝቷል አይባልም፤ ትራስህ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

በመጀመሪያ ተናድጄብሃለሁ። ይህን ሳልነግርህ ወደ ሌላው ብሄድ ያንቀኛል። ስለፈሰሰው ቢራ እንዳይመስልህ፤ ቢራ ይጠመቃል። ያንን ሁሉ ወር አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እኔን፣ የገዛ እህትህን ልጅ፣ እንደ ባዳ ስለደበቅኸኝ ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» እያልክ ትንሽ ባነጠስኩ ቁጥር ሐኪም ቤት የምትጎትተኝ አንተ አልነበርክም እንዴ?

የጠመቃ ቤታችንን የቅምሻ ክፍል ሕግ ያወጣኸው ራስህ ነህ። ሽቶ ተቀብቶ መግባት የለም፤ ቁርስ ላይ ሽንኩርት የበላ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ ሲያጥብ ይውላል። ሁሉም ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ከዚያ መጀመሪያ የምትናገረው የሁላችን ታናሽ እኔ ነኝ፣ ቀጥሎ የጠርሙስ ክፍሉ ኃላፊ፣ አንተ መጨረሻ። «እኔ ከቀደምኩ የእኔን ምላስ ነው የምትቀምሱት» ብለኸን ነበር። እንዴት ያለ ብልህ ሰው ነው እያልኩ ስኮራብህ ኖርኩ። ከዚያ ከባድ ጉንፋን ተነስተህ ከመጣህ በኋላ ግን ሕጉ መደበቂያህ ሆነ። እኔ «ቅቤ ቅቤ ይላል» ስል አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ፤ ኃላፊው «ብቅሉ ትንሽ አሯል» ሲል ትነቀንቃለህ። ሰውዬው እየለዘበ መጣ እንጂ ሌላ አላልንም።

ያን ቀን ጠዋት ኃላፊው እረፍት ላይ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ለውድድሩ የጠመቅኸው ጥቁሩ ቢራ ነበር የሚቀመሰው። እኔ ደግሞ የመንጋጋ ጥርሴ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አድሮ ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ከቅምሻው ታስቀረኛለህ፣ ቢራው ደግሞ ቢቀርብኝ የሚያስቆጭ ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ጥርሴ ላይ ሲያርፍ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ፊቴ እንዴት እንደተጨማደደ አላውቅም። ጉንጬን ይዤ ለብ ያለ ውኃ ፍለጋ ወጣሁ።

ስመለስ የታንከሩን መክፈቻ ለቀኸው ቢራው በቦዩ ይወርዳል። ምን ሆነህ ነው ብልህ ሽታው ልክ አይደለም አልከኝ። ብርጭቆዬን ከሚፈሰው ሥር ደቅኜ አሸተትኩት። የተቆላ ብቅል፣ የደረቀ ፕሪም፣ ከኋላ ደግሞ ቸኮሌት የመሰለ ነገር። አጎቴ፣ እንደዚያ ያለ ቢራ እኛ ቤት ተጠምቆ አያውቅም።

«ይሄ እኮ ምንም አልሆነም» አልኩህ። «እኔን ጥርሴን ነው ያመመኝ።»

መክፈቻውን ዘጋኸው፤ ግን ታንከሩ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም። አቀርቅረህ «ከጉንፋኑ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ፊትሽን እያየሁ ነው የምቀምሰው» አልከኝ። ሽርጥህን ፈትተህ ሰቀልክና ወጣህ። ሮጬ ልይዝህ ይገባ ነበር፤ አልያዝኩህም። እንዲህ አንጀቴን የበላህበት ጊዜ የለም።

ጥርሱ ተነቅሏል፤ ደስ ይበልህ።

አሁን ስማኝ። ያላንተ ቀላ ያለውን ቢራ ጠምቄዋለሁ። ሽታው እንደ ልጅ ይታዘዘኛል፤ ምሬቱን ግን አላምነውም። ምሬት በሚሰጠው ሆፕስ ላይ እጇ አይመጥንም ብለህ ስትስቅብኝ የኖርከው እውነት ነው። ያየህ ሐኪም ምን እንዳለ አክስቴ ነግራኛለች፤ የሞተው ማሽተቱ እንጂ ምላሱ አይደለም፣ መራራና ጣፋጩን፣ ጨውና ኮምጣጣውን ይለያል ብሏል። ታዲያ ምላስ ካለህ፣ እኔ አፍንጫ ካለኝ፣ ከሁለታችን አንድ ቀማሽ አይወጣም? ኃላፊው «አፍንጫ የሌለው ጠማቂ ምን ያደርጋል» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አፉን አስያዝኩት። ማታውኑ ደግሞ ራሱ መጥቶ፣ ጋሼ ካልመጣ እኔም እለቃለሁ አለኝ። እሱም ከፍቶት ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ብርጭቆ ይዤ እመጣለሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ አንተ ትቀምስና ከእኔ ቀድመህ ትናገራለህ። ስለ ምሬቱ ብቻ። ሕጉን አፍርሰነዋል። በሩን ካልከፈትክልኝ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ለጎረቤት ሁሉ አቀምሳለሁ፤ ጉድህን ታያለህ።

አንድ ነገር ልጨምር። አክስቴ፣ የሚያስለቅሰው ቢራው እንዳይመስልሽ ብላኛለች። ልጅህ ስትወልድ ሁሉም በየተራ ሕፃኗን ግንባሯን ሲስም፣ «አይ ሽታዋ» ሲል፣ አንተም ሳምካት፣ ጎንበስ ብለህ ቆየህ፣ ከዚያ ጓሮ ወጥተህ ብቻህን ቆምክ አለችኝ። ይህን ስሰማ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ትናንት ልጅህ ጋ ሄጄ ነበር። ሽቶ አልተቀባሁም፣ ሽንኩርት አልበላሁም። ሕፃኗን አቀፍኩና ራሷ ላይ ቀስ ብዬ አሸተትኳት፣ እንዳስተማርከኝ፣ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ። እነሆ፦

መጀመሪያ ለብ ያለ ወተት ይመጣል። ከሥሩ ከፀሐይ የገባ ንጹሕ ጨርቅ አለ። ቆየት ስትል ትኩስ ዳቦ ሲቆረስ መሃሉ የሚለቀው እንፋሎት። ጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ላብ፣ ጣፋጭ። መጨረሻው ላይ ስሙ የጠፋኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተመልሼ አሸተትኩት። የእናቴ አንገት ነው፤ ያንተም። ትንሽ ሆኜ ስታቅፉኝ የማውቀው፣ የቤታችን የራሱ ሽታ። እሷ ላይ አለ፤ አልጠፋም።

ጉድለት አላገኘሁባትም።

ያንተው አፍንጫ፣
የእህትህ ልጅ